ስም መፋቅና ፋይል ማጥፋት

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው በኪሱ ወይም በቦርሳው አንድሮይድ ስልክ ይዟል። የአንድሮይድ ውስጡ ሊነክስ ነው፤ ሊነክስም የዩኒክስን ሥርዓት ተከትሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ጠዋት ከስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ወይም አንድ የቆየ ዘፈን ለዘለቄታው ያጠፋ ሰው ቢኖር፣ ጣቱ ስክሪኑን እንደነካ መተግበሪያው የሥርዓቱ እምብርት ለሆነው ለከርነሉ አንድ ጥያቄ አቅርቧል። ጥያቄው አንሊንክአት ይባላል። በአሁኖቹ ስልኮች ውስጥ ባሉት ባለ 64 ቢት የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ከርነሉ የሚለይበት ቁጥር 35 ነው፤ በአብዛኞቹ ላፕቶፖችና ሰርቨሮች ላይ ደግሞ 263። ከእሱ የሚቀድመው አንሊንክ በእነዚያው ሰርቨሮች ላይ 87 ቁጥር አለው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል። ፕሮግራም በራሱ ዲስክ መንካት አይፈቀድለትም፤ ኔትወርክ መክፈትም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ማስነሣት እንዲሁ። እነዚህን ሁሉ ከርነሉን ጠይቆ ያስፈጽማል። ከርነሉም ጠያቂው ማን እንደሆነ ያያል፣ ፈቃድ እንዳለው ይመረምራል፣ ከዚያ ወይ ይፈጽማል ወይ የስሕተት ቁጥር ይመልሳል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ የማይጠብቀው እውነት ያገኛል። በዩኒክስና በዘመዶቹ ውስጥ «ይህን ፋይል አጥፋ» የሚል ሲስተም ኮል የለም። ያለው «ይህን ስም ከዚህ ፎልደር ላይ አንሣ» የሚል ብቻ ነው። የፋይሉ አካል መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው ጠያቂው ሳይሆን ከርነሉ ነው። አንዳንዴ ወዲያው ይሆናል፣ አንዳንዴ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይሆንም። «ዲሌት አድርጌዋለሁ» ብሎ የተዘናጋ ሰው፣ ጠፋልኝ ያለው ተርፎ፣ ተርፎልኛል ያለው ጠፍቶ የሚያገኘው ይህን ልዩነት ባለማወቁ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ጀርዚ ቤል ላብስ ውስጥ ፒዲፒ-7 በተባለ ኮምፒውተር ላይ ዩኒክስን ጀመረ፤ ዴኒስ ሪቺም አብሮት ሠራ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 የወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ሊንክንና አንሊንክን ሁለቱንም ይዟል። አንዱ ለፋይል ስም ይሰጣል፣ ሌላው ስም ይነሣል። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎም የአንሊንክ መልክ ያው ነው። የፋይሉን አድራሻ ይቀበላል፤ ከተሳካለት ዜሮ፣ ካልተሳካለት ከዜሮ አንድ የጎደለ ቁጥር ይመልሳል። በኮምፒውተር ዓለም ይህን ያህል ዕድሜ ሳይነካ የቆየ ነገር ጥቂት ነው።

ስም ማንሣትና አካል ማጥፋት የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ጎጃሜ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ደብረ ማርቆስን ዙሪያዋን በከበበው በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ፣ መሬት ተለክቶ መመዝገቡ ርስቴን ያሳጣኛል የሚለው ሥጋት ከቁጣው ምክንያቶች አንዱ ነበር። ያው አገር ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ይዞታውን አስመዝግቦ አረንጓዴ ደብተር መያዙ ቀላል ለውጥ አይደለም። በዚህ ምዝገባ ማሳው ላይ ማንም ስም አልጻፈም። ማሳው ባለበት አለ፤ ስሙ ያለው በመዝገቡ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ይዞታ ላይ በሁለት ስም፣ በሁለት ፎቶግራፍ ሰፍረዋል። ከሁለቱ የአንዱ ስም ከመዝገብ ቢነሣ ከማሳው አንድ ጥማድ እንኳ አይጎድልም፤ የሌላው ስም እንዳለ ይዞት ይቆያል።

የዩኒክስ ፋይልም እንዲሁ ነው። አካሉ አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ስለ አካሉ የሚታወቀው ሁሉ የተጻፈበት አይኖድ የሚባል ትንሽ መዝገብ አለ። አይኖዱ ቁጥር አለው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማን እንዲያነብና እንዲጽፍ እንደተፈቀደ፣ መጠኑን፣ መቼ እንደተለወጠ፣ ይዘቱ በዲስኩ የትኛው ክፍል እንደተቀመጠ ሁሉ ይዟል። ስሙን ብቻ አልያዘም። ስም የሚገኘው በፎልደሩ ነው፤ ፎልደር ማለት ደግሞ በአንድ ወገን ስም፣ በሌላ ወገን የአይኖድ ቁጥር የተደረደረበት ዝርዝር ነው። አንድ አይኖድ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፣ አሥርም። አይኖዱ በበኩሉ ስንት ስም እንዳለው ይቆጥራል። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ነው የሚሄደው። ማሳ ስም ባይኖረውም ማሳነቱ አይቀርም፤ ፋይል ግን የመጨረሻ ስሙ ከተነሣ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው።

ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በተርሚናል ላይ እንየው። «ሰነድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ደብዳቤ» የሚል ፋይል አለ እንበል፤ የአይኖድ ቁጥሩም 4127 ይሁን። ባለሙያው በ«ኤልኤን» ትእዛዝ «ማስታወሻ» የሚል ሁለተኛ ስም ይጨምርለታል። «ኤልኤስ» ብሎ በዝርዝር ሲያሳይ ከፈቃዶቹ ቀጥሎ 2 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ የስሞቹ ቆጠራ ነው። አሁን አንሊንክን በሚጠራው ትእዛዝ «አርኤም ደብዳቤ» ብሎ ይጽፋል። ከርነሉ ፎልደሩን ያገኛል፤ ጠያቂው በፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ እንዳለው ያያል፤ «ደብዳቤ» የሚለውን ስም ይፈልጋል፤ የተባለው ነገር ፎልደር አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ መስመሩን ከዝርዝሩ ያነሣል፤ ከአይኖድ 4127 ቆጠራ ላይ አንድ ይቀንሳል። «ማስታወሻ» ሲከፈት የደብዳቤው ይዘት አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ይነበባል። ጠፋ የተባለው ስም ነው።

ሆኖም ቆጠራው አንድ ብቻ አይደለም። ፋይሉን ከፍተው የያዙትን የሚቆጥር ሁለተኛ ቆጠራ አለ፤ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሣው ይኸኛው ነው።

ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር ነው። ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል፤ ዳታቤዙ አልጽፍም ብሏል፤ ባለጉዳይ በመስኮቱ ተሰልፏል። ባለሙያው ሲያጣራ አንድ የሎግ ፋይል ለብቻው 40 ጊጋባይት ደርሶ ያገኘዋል። እፎይ ብሎ በ«አርኤም» ያነሣዋል። ትእዛዙ ያለ ስሕተት ይመለሳል። «ዲኤፍ» ብሎ የዲስኩን ይዞታ ሲጠይቅ ግን ያው 100 በመቶ ነው። «ዲዩ» ብሎ በፎልደሮቹ ውስጥ ያለውን ሲያስደምር ያ 40 ጊጋባይት የትም የለም። ሁለቱም ትእዛዞች እውነታቸውን ነው፤ «ዲዩ» የሚደምረው ስም ያላቸውን ፋይሎች ሲሆን «ዲኤፍ» የሚናገረው የተያዘውን ቦታ ነው። ሎጉን የሚጽፈው ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘው ነው። ስሙ ቢነሣም የከፈተው አለና ከርነሉ አካሉን አይነካም። ፕሮግራሙም ስም በሌለው ፋይል ላይ መጻፉን ቀጥሏል፤ ዲስኩ በማይታይ ነገር እየሞላ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ይሠራል፤ ግን የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ ይስተጓጎላል። «ኤልኤስኦኤፍ» የሚባለው መሣሪያ ስማቸው ተነሥቶ አካላቸው የተከፈቱ ፋይሎችን ለይቶ ያሳያል፤ የያዘውን ፕሮግራም ብቻ እንደገና ማስጀመር በቂ ነው። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ስሙን ሳያነሡ ይዘቱን ብቻ ወደ ዜሮ ማሳጠር ነው፤ ለዚህ ትራንኬት የሚባል ሌላ ሲስተም ኮል አለ።

ይኸው ባሕርይ ሰው ያዳነባቸው ጊዜያትም አሉ። አንድ ሰው የዳታቤዙን ፋይል በስሕተት ቢሰርዝና ዳታቤዙ ገና እየሠራ ቢሆን፣ ፋይሉ አለ ማለት ነው። ሊነክስ «ፕሮክ» በሚባለው ፎልደር ሥር እያንዳንዱ ፕሮግራም የከፈታቸውን ፋይሎች በቁጥር ያሳያል፤ ከዚያ ላይ ይዘቱን ወደ አዲስ ፋይል መገልበጥ ይቻላል። የሚያሳዝነው ግን የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራሙን ማቆም ወይም ኮምፒውተሩን ማጥፋት መሆኑ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ቆጠራም ዜሮ ይሆናል። አዋቂ ፕሮግራመሮች ደግሞ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ጊዜያዊ ፋይል ይከፍቱና ወዲያው ስሙን ያነሣሉ፤ ፕሮግራሙ በድንገት ቢሞት እንኳ ከኋላው የሚቀር ቆሻሻ አይኖርም።

ፈቃድን በተመለከተ ያለው ሕግ በመጀመሪያ ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል። በጋራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፋይሉን «ለንባብ ብቻ» አድርጎ ማንም አይነካብኝም ብሎ ይተኛል። የሥራ ባልደረባው ግን በፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ካለው ያንን ፋይል ሊያነሣው ይችላል። ምክንያቱ ከላይ የተነገረው ነው፤ ስም ማንሣት ማለት ፎልደሩን መለወጥ እንጂ ፋይሉን መለወጥ አይደለም፤ ስለዚህ ከርነሉ የሚጠይቀው የፎልደሩን ፈቃድ ነው። «አርኤም» ለንባብ ብቻ የሆነ ፋይል ሲያጋጥመው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው በራሱ ጥንቃቄ ነው፤ ከርነሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያውቅም። ሁሉም ሰው በሚጽፍበት የጋራ ፎልደር ላይ መድኃኒቱ ስቲኪ ቢት የሚባለው ምልክት ነው። ምልክቱ ያለበት ፎልደር ውስጥ ፋይል ማንሣት የሚችለው የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም ዋናው አስተዳዳሪ ብቻ ነው። በየሊነክሱ ያለው «ቲኤምፒ» ፎልደር የሚጠበቀው በዚህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የጋራ ፎልደር ሲከፍት ይህን ምልክት ካላደረገ፣ የሁሉም ሥራ በሁሉም እጅ ነው።

የአማርኛ ተጠቃሚን በተለይ የሚመለከተው የስሙ ጉዳይ ነው። ከርነሉ ፊደል አያነብም፤ የሚያየው ባይት ነው። በፋይል ስም ውስጥ የተከለከሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አድራሻ የሚለያየው ሰያፍ መስመርና ዜሮ የሆነው ባይት። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በሁሉም ዘንድ የተለመደው የባይት አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8 ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፈው ያው ዩኒክስን የጀመረው ኬን ቶምፕሰን ነው፤ የሥራ ባልደረባው ሮብ ፓይክ እንደሚያስታውሰው በኒው ጀርዚ አንድ ምግብ ቤት እራት ላይ ሳሉ በጠረጴዛ ወረቀት ላይ ጀምሮ። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል። በሊነክስ የተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች አንድ ስም ከ255 ባይት እንዳይበልጥ ይከለክላሉ። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ 255 ፊደል ነው፤ ለአማርኛ ጸሐፊ 85። የደብዳቤውን ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም ማድረግ የለመደ ጸሐፊ «ስሙ ረዘመ» የሚል ስሕተት ሲገጥመው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሞክሼ ፊደል ነው። ሀ በዩቲኤፍ-8 225፣ 136፣ 128 ነው። ሐ 225፣ 136፣ 144። ኀ ደግሞ 225፣ 138፣ 128። ለአንባቢ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለከርነሉ ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች። አንዱ ሠራተኛ «ሠርግ» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «ሰርግ» ብሎ ሊያነሣ ቢሞክር «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይባላል። ሁለቱ ስሞች በአንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥም ይችላሉ፤ ያኔ አደጋው ይገለበጣል፤ አሮጌውን አነሣሁ ያለ ሰው አዲሱን አንሥቶ ይገኛል። ፀሐይ፣ ዓመት፣ ኃይል፣ ሥራ በሚሉ ቃላት ላይ ሁሉ ይህ አለ። ባለሙያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሙን በእጁ አይጽፍም። ፊደሎቹን ጀምሮ ታብ በመጫን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲሞላው ያደርጋል፤ ካልሆነም የአይኖዱን ቁጥር አይቶ «ፋይንድ» በሚባለው ትእዛዝ በቁጥሩ ያነሣዋል። ቁጥር ሞክሼ የለውም።

ሌላው ወጥመድ ክፍት ቦታ ነው፤ በጎጃም ደግሞ ክፍት ቦታ ያለበት የከተማ ስም ብዙ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ግንደ ወይን፣ ፍኖተ ሰላም። ሪፖርቱን በየወረዳው ፎልደር ያስቀመጠ ሰው በተርሚናል ላይ «አርኤም -አርኤፍ ደብረ ማርቆስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ትእዛዝ ተቀባዩ ሼል ሁለት ስም ነው የሚረዳው፤ አንደኛ «ደብረ»፣ ሁለተኛ «ማርቆስ»። «ደብረ ማርቆስ» የተባለው ፎልደር ምንም አይነካም። በአጠገቡ «ማርቆስ» የሚል የአንድ ሠራተኛ ፎልደር ካለ ግን ከነሙሉ ይዘቱ ይሄዳል። «ኤፍ» የሚለው ምልክት ያልተገኘውን ስም በዝምታ እንዲያልፍ ስለሚያደርግ፣ ስሕተት እንደተሠራ የሚናገር መልእክት እንኳ አይወጣም። ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ፎልደርን ማንሣት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በዩኒክስ 7ኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ለፎልደር የተለየ ሲስተም ኮል አልነበረም፤ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነበር የሚያነሣው። አርኤምዲር እንደ ሲስተም ኮል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 4.2 ቢኤስዲ በተባለው የዩኒክስ ዝርያ ነው፤ ስም ማዛወሪያው ሪኔምም አብሮ መጣ። በዴስክቶፕ ላይ ያለው «የቆሻሻ ቅርጫት» የሚሠራው በአብዛኛው በዚህ በሪኔም ነው፤ ቅርጫት ውስጥ የተጣለ ፋይል ስሙ ወደ ሌላ ፎልደር ተዛወረ እንጂ አንሊንክ ገና አልተጠራበትም። አርኤምዲር ባዶ ያልሆነ ፎልደር አያነሣም፤ አሻፈረኝ ይላል። ይህ እምቢታ ትልቅ ጥበቃ ነው። «አርኤም -አር» ግን ጥበቃውን ያልፈዋል፤ ራሱ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ካነሣ በኋላ ባዶ የቀረውን ፎልደር ያነሣል። ከርነሉ የሚያየው በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽና ሕጋዊ ጥያቄዎችን ነው፤ ሁሉም ተደምረው አንድ ጥፋት መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ ፒክሳር ውስጥ የደረሰው ይኸው ነበር። ቶይ ስቶሪ 2 የተባለው የካርቱን ፊልም ሥራ ላይ ሳለ አንድ ሰው በፊልሙ ፎልደር ላይ ይህን ትእዛዝ ሰጠ። ሠራተኞቹ በስክሪናቸው ላይ የገጸ ባሕርያቱ ክፍሎች እየተራገፉ ሲሄዱ አዩ። ማሽኑን ነቅለው አስቆሙት፤ ነገር ግን የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ሄዷል። ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ሲሮጡ ደግሞ ቅጂው በትክክል ሳይሠራ መቆየቱን አወቁ። ፊልሙን ያተረፈችው የቴክኒክ ዳይሬክተሯ ጋሊን ሳስማን ነበረች፤ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ነበራት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 ለሕዝብ ቀረበ። ጂኤንዩ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የሚያዘጋጀው «አርኤም» እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የሥርዓቱን ሥር ማለትም ሁሉም ፋይል የሚገኝበትን የመጀመሪያ ፎልደር እንዲያጠፋ ሲታዘዝ እምቢ ይላል፤ ከሥሩ በታች ላለው ፎልደር ሁሉ ግን ዛሬም ታዛዥ ነው።

አንሊንክአት የመጣው ከደኅንነት ጥያቄ ጭምር ነው። አንድ የአስተዳዳሪ ፕሮግራም ፎልደር እያጸዳ ሳለ «ይህ እውነተኛ ፎልደር ነው» ብሎ ካረጋገጠ በኋላ ወደ ውስጡ ከመግባቱ በፊት፣ ክፉ አሳቢ ፎልደሩን አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ በሚያመላክት ሲምቦሊክ ሊንክ ሊተካው ይችላል። ፕሮግራሙም የታዘዘውን ትቶ የሌላውን ንብረት ያጠፋል። አንሊንክአት ስሙን የሚፈልገው ቀድሞ በተከፈተ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ይህን መንገድ ይዘጋል። ሊነክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 በጥንቃቄው የሚታወቀው ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፎልደር በሚያጠፋበት የራሱ ክፍል ይህ ቀዳዳ ተገኝቶበት ተስተካክሏል። በስልኮቹ ባለ 64 ቢት የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ አሮጌው አንሊንክ ጨርሶ የለም፤ ፋይልም ሆነ ፎልደር የሚነሣው በአንሊንክአት ብቻ ነው።

ሁለቱም ቆጠራዎች ዜሮ ከሆኑ በኋላስ? ከርነሉ አይኖዱንና የይዘቱን ክፍሎች «ነፃ» ብሎ ይመዘግባል። ይዘቱን ግን አይፍቅም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ወይም ማከማቻው ራሱ እስኪያጸዳው ድረስ እዚያው ይቆያል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ ማከማቻው ዓይነት ይለያያል፤ ለሁለት ሰዎች ይህ ልዩነት ከሁሉ ይበልጣል፤ ለሠርግ ፎቶ አንሺና አሮጌ ስልኩን ለሚሸጥ ሰው።

ጥር ሲገባ ፎቶ አንሺው ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይሰነብታል፤ ካርዱ ሲሞላም የቆየውን እየሰረዘ ቦታ ያስለቅቃል። በዚህ ችኮላ ገና ያልተገለበጠ ሠርግ መሰረዝ የተለመደ ነው። እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙት ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ፋት32 የተባለውን የፋይል ሥርዓት ነው። እዚህ አይኖድ የለም፤ የስም ቆጠራም የለም። ሲሰረዝ የስሙ የመጀመሪያ ባይት ወደ 229 ይለወጣል፤ ፎቶው የነበረበት ቦታም ነፃ ተብሎ ይመዘገባል። ምስሉ ራሱ አለ። ክሪስቶፍ ግርኒዬ የሠራው ፎቶሬክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ስሙን ትቶ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ የጄፔግ ምስል የሚጀምርባቸውን 255፣ 216፣ 255 የሚሉ ሦስት ባይቶች ይፈልጋል፤ ባገኘበት ሁሉ ምስሉን ያወጣል። ይህ በደንብ የሚሠራው ግን በካርዱ ላይ አዲስ ፎቶ ካልተነሣበት ነው። ስሕተቱን ያወቀ ሰው ወዲያው ካርዱን አውጥቶ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ገፍቶ ሊያስቀምጠው ይገባል። ባለሠርጉ ቤተሰብ ያን ቀን ደግሞ አያገኘውም፤ ሌላ ሙሽራ ለማንሳት ሲሉ በዚያው ካርድ ላይ መቀጠል ይቅር የማይባል ነገር ነው።

የስልክ ነገር በተቃራኒው ነው። ስልክ ውስጥ ያለው ማከማቻ ነፃ የሆነውን ቦታ ከርነሉ ሲያሳውቀው ራሱ ያጸዳዋል፤ ስለዚህ የተሰረዘን ፎቶ ከስልክ ማህደር ላይ መመለስ ብዙ ጊዜ አይሳካም። መቼ እንደሚያጸዳው ግን ለባለቤቱ አይነግርም። ስልኩን ለሌላ ሰው የሚሸጥ ባለቤት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስለሰረዘ ብቻ ሊተማመን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጀምሮ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ ይዘታቸውን መመስጠር ግዴታቸው ነው። ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ የምስጢሩ ቁልፍ ይጠፋል፤ የቀረው ባይት ሁሉ ለማንም የማይነበብ ይሆናል። ከስልክ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጡ በፊት ይህን ማድረግ፣ ሜሞሪ ካርዱንም አውጥቶ ማስቀረት የቤተሰብን ገመና መጠበቅ ነው።

የማይፈለገውን ማጥፋት ይህን ያህል ካስቸገረ፣ የሚፈለገውን ማትረፍ ደግሞ የተለየ ጥረት ይጠይቃል። ሁለተኛ ስም ቅጂ አይደለም። «ደብዳቤ»ና «ማስታወሻ» አንድ አካል ስለሆኑ፣ በአንዱ በኩል የተበላሸው በሌላውም ተበላሽቷል፤ ዲስኩ ሲሞትም ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ቅጂ ማለት ሌላ አካል፣ ሌላ ዲስክ፣ ቢቻል ሌላ ከተማ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ አንድ የሚያኮራ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ተቋም ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። ጎጃምን ጨምሮ ከየአገሩ አድባራትና ገዳማት ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እዚያው ኮሌጅቪል ሆነው ካታሎጉን ሲሠሩ ኖሩ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ አብዮትም፣ ጦርነትም፣ ስርቆትም አልፏል፤ ፊልሞቹ ግን ዛሬም ይነበባሉ።

ዛሬ ብዙ ሰው መጠባበቂያውን በኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ያርፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል፤ በዚያ ወቅት ፋይሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ የነበረ ሰው ፋይሉ ሳይጠፋ አጥቶት ከርሟል። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ዲስክ እዚህ አገር የግድ ነው።

አንሊንክን ያን ያህል አደናጋሪ ያደረገው የስም ቆጠራ ለዚህ ሥራ ሁነኛ መሣሪያ ይሆናል። አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም «ሊንክ ዴስት» በሚባል አማራጩ ለየቀኑ አዲስ ፎልደር ይከፍታል። ከትናንት ወዲህ የተለወጠውን ፋይል እንደ አዲስ ይገለብጣል፤ ያልተለወጠውን ግን አይገለብጥም፤ በትናንቱ አካል ላይ አንድ ስም ይጨምርበታል። የየቀኑ ፎልደር ሲከፈት ሙሉ ቅጂ ሆኖ ይታያል፤ የሚይዘው ቦታ ግን የተለወጠውን ያህል ብቻ ነው። ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን ቀን ፎልደር በ«አርኤም -አር» ማንሣት ይቻላል፤ አንሊንክ በእያንዳንዱ አካል ላይ አንድ ስም ይቀንሳል፤ ሌሎቹ ቀኖች በያዙት አካል ላይ ምንም አይደርስም። ያልተለወጠ ፋይል በሁሉም ቀኖች አንድ አካል ብቻ ስላለው፣ እንዲህ ያለ ዲስክ ሁለት ሊሆን ይገባል፤ አንዱ ደብረ ማርቆስ ቢቀመጥ ሌላው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት። ከመጀመሩ በፊት ዲስኩን ኢኤክስቲ4 በተባለው የፋይል ሥርዓት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከሱቅ የሚገዛው ዲስክ ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ኤክስፋት ለአንድ አካል ሁለት ስም መስጠት አይችልም።